አልሞትም ያለው ሠላሳ አንድ ቁጥር

ሥራዬ ባትሪ መግደል ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። የሳንቲም ያህል ክብ ባትሪ እሠራለሁ፣ ከማሽን ጋር አገናኘዋለሁ፣ ማሽኑ አንድ ሰዓት ይሞላዋል፣ አንድ ሰዓት ያራግፈዋል፣ እንደገና ይሞላዋል፣ እንደገና ያራግፈዋል፤ ምስኪኑ ባትሪ በቃኝ እስኪል ድረስ። ከዚያ ስንት ዙር እንደኖረ እመዘግብና ክዳን ወዳለው የቆሻሻ ባልዲ እወረውረዋለሁ። ለዚህ ሥራ ዶክትሬት ይሰጣል።

እናቴ ይህ አይገባትም። የገባት ነገር ቢኖር ልጇ ባትሪ እንደምትማር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩን የሞተ ስልክ ሁሉ በፌስታል ሰብስባ ትጠብቀኛለች። አልችልም ስላት ጎረቤት እየሰማ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ባትሪ ተምረሽ አንድ ስልክ መሙላት አቃተሽ?» ትለኛለች። አንዴ እልህ ይዞኝ የአንዲት ጎረቤታችንን ስልክ ፈትቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቲቱ ሰላምታ አትሰጠኝም።

የማጠናው በባትሪ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ኤሌክትሮላይት ይባላል። ኤሌክትሪክ የተሸከሙት ቅንጣቶች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በእሱ ውስጥ ዋኝተው ነው። ጫፎቹን ሁሉም ያሞግሳቸዋል፤ ፈሳሹን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ባትሪ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ ገዳዩ እሱ ነው፤ ጫፉን ቀስ እያለ ይበላዋል። የእኔ ድካም የማይበላ ፈሳሽ መፈለግ ነበር።

ሠላሳ ባትሪዎች በወጉ ሞቱልኝ። አንዱም ሁለት መቶ ዙር አልሞላም። ሠላሳ አንድ ቁጥር ግን ሁለት መቶን አለፈ። ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩ። ሦስት መቶን ሲያልፍ ገመዱን ቀየርኩ። አምስት መቶ ላይ ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ዘጠኝ መቶ ሲደርስ በየጠዋቱ ከእናቴ በፊት ለእሱ እንደምን አደርክ እለው ነበር።

ፕሮፌሰራችን ሲሰማ እየሮጠ መጣ። ቅጽል ስሙ ስላይድ ነው፤ ያለ ስላይድ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ስለሆነ አንተ ይበቃዋል። ስላይድ በማሽኑ ስክሪን ላይ ያለውን መስመር አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንደጠበቅኩት ነው» አለ። ምን እንደጠበቀ ግን አልነገረኝም። በሳምንቱ አሥራ ሰባት ስላይድ ሠርቶ ፈሳሹ ለምን እንዳልበላ በቀመር እያስረዳ በየስብሰባው ይዞር ጀመር።

በዚያው ሳምንት ከምዝገባ ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ። የተፈቀደልኝ ጊዜ አልቋል፤ በአራት ወር ውስጥ ጽሑፌን አቅርቤ ካልተፈተንኩ ምዝገባዬ ይዘጋል፣ ያለ ዲግሪ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ወደ ቤቴ ማለት ወደ ፌስታሉ ማለት ነው። የሚቀረኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሠላሳ አንድ ቁጥርን መድገም። በእኛ ሙያ አንድ ባትሪ አጋጣሚ ነው፣ ስድስት ባትሪ ዶክትሬት ነው።

ያንኑ ጨው፣ ያንኑ ፈሳሽ፣ ያንኑ መጠን ይዤ ስምንት ሠራሁ። ሞቱ። ሌላ ስምንት ሠራሁ። ሞቱ። ሦስተኛዎቹ ስምንትም መቶ ሰባኛው ዙር ላይ ተያይዘው ሲሄዱ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ውሃ በላው። ሠላሳ አንድ ግን ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ ይሞላል፣ ይራገፋል፣ ይሞላል፤ በእኔ ላይ የሚያላግጥ መሰለኝና ቆሽቴ አረረ።

«ችግሩ እጅሽ ነው» አለኝ ስላይድ።

«ሠላሳ አንድንም የሠራው ይኸው እጄ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው ያን ቀን እጅሽ ጥሩ ነበር» ብሎኝ ወደ ስብሰባው ሄደ።

በዚያ ሁሉ መከራ አጠገቤ የነበሩት ጋሽ ጓንት የምንላቸው ሰው ናቸው። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው። እኛ ባትሪ የምንሠራው አየርና እርጥበት በማይገባበት፣ አርገን በሚባል ጋዝ በተሞላ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በተገጠሙ ረጃጅም የጎማ ጓንቶች እጃችንን እየከተትን እንሠራለን። ጋሽ ጓንት ያንን ሳጥን ሠላሳ ዓመት ጠብቀውታል። ማንም ሰው ቀለበት አድርጎ ጓንት ውስጥ እጁን ሊከት ሲል ከሌላ ክፍል ሆነው ይሰማቸዋል። «ምግብ ወደ ቤተ ሙከራ ማስገባት ክልክል ነው» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ በአራት ቦታ የለጠፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አግኝተው ለአንድ ሳምንት ዘግተውኛል።

ትልቁ ሃይማኖታቸው ግን መዝገብ ነው። «በመዝገብ ያልገባ ነገር አልተደረገም» ይላሉ፤ ምድጃ ከተከፈተ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ጠርሙስ ከተነሳ ይጻፋል። በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት ሳጥኖች አሉ፦ «ምክንያት» እና «የሠራው ሰው»። ጡረታቸው የሚደርሰው የእኔ ቀነ ገደብ በሚያልቅበት ሳምንት ነበር። የቤተ ሙከራዎቹን ደህንነት የምትቆጣጠረው ኃላፊ ሠላሳ ዓመት ያለ አንዲት ጥፋት በማገልገላቸው ስማቸው የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አሠርታላቸዋለች። ጋሼ ስለ ሰሌዳው ምንም አይሉም፤ ነገር ግን የሚሰቀልበትን ግድግዳ በፎጣ ሲወለውሉ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፣ ልጅም የላቸው፣ ያለ ግድግዳው ማን አላቸው?

ሌላ የምሞክረው ነገር ሲጠፋ የጋሼን መዝገብ አውጥቼ ሠላሳ አንድ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንት መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ስለ ፍሬዎቹ መናገር አለብኝ። ፈሳሹ ውስጥ የቀረች እርጥበት ባትሪውን ስለምትገድል፣ ውሃ የሚመጥጡ ነጫጭ ጥቃቅን ፍሬዎች በፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ እንጨምራለን። ፍሬዎቹ ከመጨመራቸው በፊት በማድረቂያ ምድጃ በኃይል ይጋገራሉ። ደርቀው ሲበርዱ ያገኙትን ሁሉ ስለሚመጥጡ ክዳኑ ወዲያው መዘጋት አለበት። ጋሼ ዓርብ ያስገባሉ፣ ሰኞ ያወጣሉ። መዝገቡ እንዲህ ይል ነበር፦

«ቅዳሜ፣ 6:20፣ በሩ ተከፈተ። ቅዳሜ፣ 6:45፣ በሩ ተከፈተ።» የሠራው ሰው፣ የጋሽ ጓንት ስም። ምክንያት፣ ባዶ።

ወደ ኋላ ገለበጥኩ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ባዶ የሆነ የምክንያት ሳጥን ሌላ አንድም አላገኘሁም።

በዚያ ሳምንት ከምድጃው የወጡት ፍሬዎች የት ገቡ? እኔ በየሙከራው አዲስ ፍሬ ይሻላል ብዬ የቅርቡን ስጠቀም ነበር፤ ይኸው ነው ጉዴ፣ ንጽሕና ገደለኝ። የዚያ ሳምንት የፍሬ ብልቃጥ ከመስታወት ሳጥኑ ጥግ ተረስቶ፣ አንድ ሦስተኛው ተርፎ ተቀምጧል። አወጣሁትና ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት።

ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

እንደገና አሸተትኩ። በደንብ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ነው። የሠላሳ አንድ ቁጥርን ፈሳሽ ዋጋው ከሕንፃው በማይተናነስ ማሽን መርምሬው ነበር፤ ማሽኑም በሥዕሉ መስመር ላይ አንዲት ትንሽ የማትታወቅ ጉብታ አሳይቶኝ፣ ስላይድ «ቆሻሻ ናት፣ ከሥዕሉ ላይ አጥፊያት» ብሎኝ አጥፍቻታለሁ። ሁላችንም ዓይናችንን ማሽን ላይ ተክለን፣ እጃችንን ጓንት ውስጥ ከትተን፣ አፍንጫ ያለው ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። የአራት ዓመት ትምህርት አፍንጫዬ ስር ነበር።

ጋሼን ዕቃ ክፍል አገኘኋቸው። ብልቃጡን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የዚያን ቅዳሜ ምሳዎን ምድጃው ውስጥ አሞቁ?»

ክዳኑን ገጥመው ብልቃጡን መለሱልኝ። ከዚያ፣ «የሞተችበት አንድ ዓመት ነበር» አሉኝ። «ሁልጊዜ የምትሠራልኝን ሩዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራሁት። ቤት ብቻዬን ልበላው ፈራሁ፣ ይዤው መጣሁ። እዚህ ሰው የለም። ቀዝቃዛውን ልበላው ስል… እሷ ቀዝቃዛ ምግብ አቅርባልኝ አታውቅም፣ ልጄ። ፍሬዎቹ ውስጥ መሆናቸውን ረሳሁት።»

«ታዲያ ሰዓቱን ለምን መዘገቡት?»

«በሩ ተከፈተ እኮ!» አሉኝ ተቆጥተው።

አንጀቴን በሉኝ። የሳቁም የለቅሶውም ነገር ተቀላቅሎብኝ ብልቃጡን ይዤ ቆምኩ። «በይ ሂጂና ንገሪ» አሉኝ፣ «የአንቺ እንጀራ ነው። የእኔማ ሰሌዳ ብቻ ነው፣ ቢቀር ምን አለበት።» ድምፃቸው ግን «ሰሌዳ» ላይ ሲደርስ ተሰበረ። አልናገርም አልኳቸው። ሩዙን ግን ደግመው እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው።

ስለዚህ ከሥራ ውጭ የሆነ አሮጌ ምድጃ ከምድር ቤት ጎትተን አውጥተን፣ አዲስ ፍሬና የጋሼን የምሳ ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ያንኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። በዚያ ፍሬ ስድስት ባትሪ ሠራሁ። ሁለት መቶን ሲያልፉ ምንም አልተናገርኩም። ሦስት መቶ ላይ ጋሼ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አብረውኝ ቁጥሩን ያዩ ጀመር። አምስት መቶ ላይ ስድስቱም በሕይወት አሉ። ያቺ ጉብታ ነጭ ሽንኩርት ሲሞቅ የሚተነው የሰልፈር ውህድ ሆና ተገኘች፤ ጫፉን እንደ ቆዳ በስሱ ትሸፍነውና ፈሳሹ እንዳይበላው ትከለክላለች። ስለ አመጣጧ ጽሑፌ ላይ «ከዕፅዋት የተገኘ» ብዬ አለፍኩ። ውሸት አይደለም። ግን እውነቱን ብርድ ልብስ አልብሼው ነበር።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። ስላይድ ከፊት ተቀመጠ። የደህንነት ኃላፊዋ ብስኩት አለ ሲባል ሰምታ መጣች። ጋሽ ጓንት ስዕል ማሳያውን ሊያንቀሳቅሱ ከኋላ ቆሙ። የሰሌዳው ሥነ ሥርዓት በማግስቱ ነበር። የውጭ ፈታኟ ትንሽ ቁመት ያላቸው፣ ሹራባቸውን ጠመኔ የነካካው አሮጊት ናቸው። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ሲል እሳቸው ገጽ እየገለበጡ ቆዩ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በዓለም ካለው ውህድ ሁሉ ይህችን እንዴት መረጥሽ?»

ስላይድ ከተቀመጠበት፣ «በስሌት! አሥራ ሁለተኛው ስላይድ ላይ…» ብሎ ጀመረ።

«ልጅቷን ነው የጠየቅኩት።»

እውነቱን ብናገር የጋሼ ሠላሳ ዓመት በአንድ ሳህን ሩዝ ይሄዳል። ብዋሽ ደግሞ ዲግሪዬ በውሸት ላይ ይቆማል፣ ፈታኟም ዓይናቸው የሚዋሽን ሰው የሚለይ ዓይነት ነው። «ጽሑፎች ሳገላብጥ…» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጭን ድምፅ አውጥቼ አላውቅም።

ከኋላ ጉሮሮ መጥረግ ተሰማ። ጋሽ ጓንት መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው በመተላለፊያው መጡ።

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» ብለው መዝገቡን ከፈታኟ ፊት ዘረጉ። «ምክንያት የሚለው ባዶ ነው። አሁን ይሞላልኝ። ምሳዬን አሞቅኩ። ሩዝ በነጭ ሽንኩርት።»

የደህንነት ኃላፊዋ ብስኩቷን ወደ ሳህኑ መለሰች። ስላይድ አሥራ ሁለተኛው ስላይድ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ከዚያ ከመሃል አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ያልሳቅነው ሦስታችን ብቻ ነበርን፣ እኔ፣ ጋሼና ፈታኟ።

«ስንት?» አሉ ፈታኟ እስክሪብቷቸውን አንስተው።

«ምን ስንት?»

«ነጭ ሽንኩርቱ ነዋ። ስንት ግራም?»

ጋሼ ግራ ተጋቡ። «እኔ እንጃ። ባለቤቴ ለክታ አታውቅም። እኔም እጇን እያየሁ የያዝኩት ነው።»

ፈታኟ ጽሑፌ ላይ አንድ መስመር ጻፉና ወደ እኔ ገፉት። አልፈሻል፣ ይላል፤ አንድ እርማት ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ መጠኑ ይገለጽ። እኔ ግን የማየው ጋሼን ነበር። መዝገባቸውን አጥፈው፣ ስዕል ማሳያውን አጥፍተው፣ ገመዱን በወጉ ጠቅልለው ወጡ። በማግስቱ ሥነ ሥርዓቱ ተሰረዘ። ሰሌዳውን ኃላፊዋ የት እንዳደረሰችው እስካሁን አላውቅም፤ የተወለወለው ግድግዳ ላይ አምስተኛ ቀይ ጽሑፍ ተለጠፈ። አፈርኩ። ከእኔ አፍ መውጣት የነበረበትን ነገር እሳቸው አወጡልኝ፣ ዲግሪው የእኔ ሆነ፣ ዋጋው የእሳቸው።

ቅዳሜ ከቤተ ሙከራው ሚዛን ፈርሜ ተውሼ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ቢገባ አንዱ ግድግዳ የሚሆንበት ነው። ጋሼ ሽርጥ ታጥቀው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ጠበቁኝ።

«እንዳለሁ አይቁጠሩኝ» አልኳቸው። «ዝም ብለው እንደሚሠሩት ይሥሩ።»

ላጡ፣ ከተፉ፣ በጣታቸው ሰብስበው አነሱ። መጥበሻው ውስጥ ሊጨምሩት ሲሉ ሳህን አቀበልኳቸው። ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት፦ ሠላሳ ስምንት። እንደገና። አርባ አንድ። እንደገና። ሠላሳ ዘጠኝ። ከዚያ አርባ ሁለት፣ ከዚያ አርባ። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሊበላን ደረሰ። መስኮት ከፈትኩ፣ የሚጠቅም አልነበረም።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው።

«አርባ ግራም፣ ጋሼ። ቢበዛ ሁለት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «እየቀነስኩ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የእጇ ልክ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የሚጠፋኝ። አንድ ቀን ስነሳ ጨርሶ የማላስታውሰው። ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ?»

እኔ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዙር ዙር ምን እንደቀነሰ ማየት። አምስቱን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ጻፍኩላቸው። ወደ ታች የሚሄድ መስመር የለም።

«አልቀነሰም» አልኳቸው። ነጭ ሽንኩርት እንደ ቀይ ሽንኩርት ዓይን አያቃጥልም፤ ስለዚህ ለእንባዬ ማሳበቢያ አልነበረኝም።

ጋሼ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ከመሳቢያ አዲስ መዝገብ አወጡ፣ መስመሮቹን በማስመሪያ አሠመሩ። ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን ጻፉ። ነጭ ሽንኩርት፣ አርባ ግራም። ምክንያት፣ ምሳ። «የሠራው ሰው» የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ትንሽ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የራሳቸውን ስም የጻፉበት ቦታ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ፊደሉን እያስተካከሉ፣ የባለቤታቸውን ስም ጻፉበት።